የመኪናዬ መሪ ቆዳ እጄን እያጠቆረው ነው፤ ነገ ሙሽሮች አሳፍራለሁ

ባለ ኮሮላው (አዳማ)፦
ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የመኪናዬ መሪ ከትናንት ጀምሮ ይጣበቃል፤ ጨብጬው ስለቀው መዳፌ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ነገ የእህቴ ሰርግ ነው። ሙሽሮቹን የምወስደው እኔ ነኝ፣ የምለብሰውም ነጭ የአገር ልብስ ነው። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

የፍራንኮ ልጅ፦
ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባና በብሩሽ አሸው። ሊስትሮ ብትጠራ 10 ደቂቃ አይፈጅበትም።

መኪና አክባሪ፦
ወንድሜ፣ ይህ ነገር ትናንት የጀመረ አይደለም። እኛ አዳማ ውስጥ መኪናችንን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁመን፣ መሪው ላይ አንዲት ፎጣ እንኳ ጣል ሳናደርግ እንሄዳለን። ቆዳ ከላዩ ስስ የቀለም ሽፋን አለው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የእጅ ላብና ቅባት ይበላዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ እጃችን ላይ ያፈሰስነው ሳኒታይዘር ሳይደርቅ መሪ መጨበጥ ለመድን። አልኮሉ ያንን ሽፋን ያሟሟዋል። ለሞተሩ ዘይት የምንቆጥረውን ያህል ለመሪው ብናስብ እዚህ አንደርስም ነበር።

ማለዳ፦
ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሰርጉ ነገ ነው። ባለ ኮሮላው፣ ትናንት መሪውን በምን ነካኸው?

ባለ ኮሮላው፦
መኪናውን ለሰርጉ ሳጸዳ መሪውን በቤንዚን ጠረግኩት። ቆሻሻው ይለቃል ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ባለፈው ዓመትም የጫማ ቀለም ተቀብቶ ነበር።

የሞጆ ልጅ፦
መጀመሪያ ነገር፣ ቆዳ መሆኑን በምን አወቅክ? የኮሮላ መሪ ሁሉ ቆዳ አይደለም። ብዙው ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ እሱ ሲያረጅ ራሱ ይጣበቃል፣ የቆዳ ቀለምም አይዝለትም። በውስጥ በኩል ዙሪያውን ስፌት አለው? ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርግ። ውሃው ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ቆዳ ነው።

ባለ ኮሮላው፦
ስፌት አለው። ውሃውም ሰርጓል።

ሰላም ለሁሉ፦
ለሙሽሮቹ መልካም ጋብቻ! የጫማ ቀለም ግን እውነትም ይሠራል፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ቆዳ ሰፊው፦
ልጄ፣ የመኪና ወንበርና መሪ ማልበስ ከጀመርኩ 22 ዓመቴ ነው። የጫማ ቀለሙን ተወው። ሰም ነው፣ በሙቀት ይላላል፤ ጫማ ደግሞ በእጅ ተጨብጦ አይዋልም። አሁን እጅህ ላይ የሚቀረው ያ አሮጌ ሰምና ቤንዚኑ ያሟሟው የቆዳው ቀለም ነው። ቫዝሊንና የምግብ ዘይትም እንዳታስበው፤ መሪው ከእጅህ ያመልጣል።

ለዛሬ ማታ ይህን አድርግ። በሮቹን ሁሉ ክፈትና የቤንዚኑ ሽታ ይውጣ፤ እዚያ አካባቢ እሳት አይጫር። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምር፣ ነጭ ጨርቅ ነክረህ አጥብቀህ ጭመቅና ጥረግ። ውሃ አታፍስስበት። ጨርቁ ሲጠቁር ቀይር። ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ አታቁም፤ የነገ ልብስህ መመዘኛ እሱ ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደር። ጠዋት በክር የሚሰፋ ሽፋን ገዝተህ ላዩ ላይ ስፋ። ተጎትቶ የሚገባውን ዓይነት ከመረጥክ ደግሞ የመሪውን ስፋት ከጠርዝ ጠርዝ ለካ፤ የብዙ ቤት መኪና መሪ ከ36 እስከ 38 ሴንቲሜትር ነው። የሚዞር ሽፋን ከጥቁር እጅ የባሰ አደጋ ነው።

እውነተኛው እድሳት ከሰርጉ በኋላ ይሁን። በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አለስልሰው፣ ከዚያ በ1000። አቧራውን ጥረግ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ እለፍበት። ስንጥቅ ካለው በቆዳ መሙያ ድፈነው። የመሪውን መሐልና ዳሽቦርዱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። በውሃ የሚቀጥን የቆዳ ቀለም በስፖንጅ በጣም ስስ አድርገህ 4 ወይም 5 ጊዜ ቀባ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርብ። ወፍራም ቅብ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ቀለሙን የሚጠብቅ የማያብለጨልጭ ማሸጊያ ቀብተህ ቢያንስ 24 ሰዓት አትንካው።

ባለ ኮሮላው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመቀባቱ መሪውን ልፍታው?

ቆዳ ሰፊው፦
በፍጹም! መሐሉ ላይ ኤርባግ፣ ማለትም ግጭት ሲደርስ በድንገት የሚነፋው ከረጢት አለ። እሱን የሚነካው ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ነው፤ እሱም ባትሪውን ነቅሎ፣ ጥቂት ጠብቆ ነው። ቀለሙም ስፌቱም ሳይፈታ ይሠራል።

የሞጆ ልጅ፦
እኛ ጋ ቆዳ ፋብሪካ ሞልቷል። አዲስ ቆዳ አስቆርጦ ማሰፋት አይሻልም? የአገራችን የበግ ቆዳ ለስላሳ ነው።

ቆዳ ሰፊው፦
የበጉ ለጓንት ነው የሚፈለገው፤ ስስ ነው፣ ይለጠጣል። ለመሪ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ውሰዱ።

ባለ ኮሮላው፦
አራተኛው ጨርቅ ላይ ነኝ። ጥቁሩ ቀንሷል፣ ግን ገና አልነጣም። እቀጥላለሁ።

ማለዳ (ከ9 ቀን በኋላ)፦
ባለ ኮሮላው፣ ሰርጉ እንዴት ሆነ? ልብስህስ ተረፈ?

ከሐዋሳ፦
የእኔ መሪ ቀለሙ ደህና ነው፤ ስፌቱ ብቻ ተተርትሯል። በማስቲሽ ልለጥፈው?

ቆዳ ሰፊው፦
አትለጥፈው፣ ማስቲሹ ይደርቅና ቆዳውን ይጎትተዋል። በሰም የታሸ ወፍራም የናይሎን ክር ያዝ፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች መልሰህ ስፋው። አዲስ ቀዳዳ አትብሳ።