ጥቅጥቅ ላለ ደን የትኛው ባይናኩላር ይሻላል?

የሸቤዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ በለጠ ጌራ ደን ውስጥ እንግዶችን ማስጎብኘት ጀምሬያለሁ። ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ ወፍ፣ የተገኘውን እናሳያለን። ደኑ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና፣ ከዚያ በላይ ቀረሮ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንኳ ታች ታቹ ገና ጨለማ ነው። ሲያትል ያለው ወንድሜ ኤልክ ያድናል፤ ፈረስ የሚያህለው የአሜሪካ አጋዘን ማለት ነው። «10 በ50 ባይናኩላሬን ልላክልሽ፣ ካልሆነ ከጠመንጃዬ የፈታሁት ባለ 3-9 ስኮፕ (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ማነጣጠሪያ መነጽር) አለ» ብሎኛል። እዚህ ሱቅ ደግሞ ኪስ የሚገባ 10 በ25 አይቻለሁ። የቱን ልያዝ? የዓይን መነጽር አደርጋለሁ።

ጋሽ ዋንዛ
ልጄ፣ ቁጥሩ ስለተለቀ አትሸወጂ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይነግርሻል። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍዪው። 8 በ42 የሚባለውን ብንወስድ፣ 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል። ዓይንሽ ጋ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት እሱ ነው። የሱቁ 10 በ25 ግን 2.5 ብቻ! ጨለም ሲል የዓይን ብሌን 5 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይከፈታል፤ በ2.5 የምታዪው ጥላ ነው። የወንድምሽ 10 በ50 በብርሃን አይታማም፣ ግን ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ይከብዳል። የእጅሽንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ዕይታውም ጠበብ ስለሚል ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ተከትለሽ አትደርሺበትም። ለኛ ደን 8 በ42 ነው። በቃ።

የሕርማታ ልጅ
እኔም ሲያትል ባለችበት ዋሽንግተን ስቴት ነው የምኖረው፣ ኤልክም አድናለሁ። በውቅያኖሱ ዳር ባለው ዝናባማ ደን ያለው ሩዝቬልት ኤልክ ይባላል። ኮርማው ከ300 ኪሎ ያልፋል። ያን ያህል ገዝፎ እንኳ 40 ሜትር ላይ ይሰወርብሃል። ጠመንጃው ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የለም፤ .308 ወይም .30-06 የሚባለው የጥይት ዓይነት ከበቂ በላይ ነው። ጭቅጭቁ ስኮፑ ላይ ነው። ለሜዳ የተገዛ ትልቅ ስኮፕ ጫካ ውስጥ ጸጉር ብቻ ያሳይሃል። ስለዚህ ባለ 1-6 ወይም ባለ 2-7 ይመረጣል። እህቴ፣ ላንቺም ነገሩ ያው ነው፤ ደን ውስጥ ከማቅረቡ ይልቅ ስፋቱና ብርሃኑ ይበልጣል።

ስኮፑን ተዪው። እኛም አውሬ የምንፈልገው በባይናኩላር ነው። በስኮፕ መፈለግ ማለት ምንነቱን ወዳላወቁት ነገር አፈሙዝ ማዞር ነው፤ ሰውም ሊሆን ይችላል።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ሙሉ ድኩላ አትፈልጊ። ግንዱ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ መሀል ላይ አግድም መስመር ካየሽ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ሲርገበገብ፣ እርጥብ አፍንጫ ብልጭ ሲል ጠብቂ። ከዚያ ማስተካከያውን በጣትሽ ቀስ እያልሽ አዙሪ። የፊቱ ቅጠል ይደበዝዝና ከኋላው ያለው ብቅ ይላል። ሌላ ቁጥቋጦ ካለ አሁንም ወደ ውስጥ ግፊው።

ሰነድ አዋቂ
ስኮፕ በጭራሽ እንዳይልክ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ። ባይናኩላርም ቢሆን ሲገቡ ፈቃድ የተጠየቁ ጎብኚዎች አሉ። ሰው ይዞት ከመምጣቱ በፊት ጉምሩክ ጠይቂ።

ካሜራ ጠጋኝ
መነጽር ካደረግሽ «አይ ሪሊፍ» የሚለውን ቁጥር እዪ፤ ዓይንሽ ከዓይን ማያው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ዕይታ እንደሚያይ የሚነግርሽ ነው። ቢያንስ 15 ሚሊሜትር፣ 17 ቢሆን አሪፍ ነው። የዓይን ማሳረፊያው ጎማም ወደ ታች የሚገባ ይሁን።

ከሱቅ ከሆነ ደግሞ ክንድሽን ዘርግተሽ ወደ ብርሃን አዙሪው። በዓይን ማያው ላይ የሚታየው ብርሃን ሙሉ ክብ ከሆነ ጥሩ ነው። ዳር ዳሩ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ (ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያጥፈው መስታወት) ርካሽ ነው። ሌንሱ ቀይ የሚያብለጨልጨውንና ዙም ያለውን እለፊው። በጅማ ክረምት ደግሞ ውሃ የማያስገባና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ ካልሆነ ጉም ይይዛል፣ ቀጥሎ ሻጋታ።

የሸቤዋ
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ወንድሜ 10 በ50ውን ለራሱ ይያዝ፣ 8 በ42 እንዲፈልግልኝ እነግረዋለሁ። ካሜራ ጠጋኝ፣ ሻጋታውን እንዴት ልከላከል?

ካሜራ ጠጋኝ
እርጥብ እያለ ማኅደሩ ውስጥ አትክተቺው፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይናፈስ። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣዪ። ክዳኑ ጥብቅ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ ከነሱ ጋር አስቀምጪው። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጊ፣ አቧራው ይቧጭረዋል። በለስላሳ ብሩሽ አራግፊና ከዚያ በሌንስ ጨርቅ።