በደቻቱ አሸዋ ላይ ሰውና እንስሳ የሚለይ ካሜራ፦ ምስሉ ይላክ ወይስ ውጤቱ?

ከዚራ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ፣ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ በሚሆንበት ጊዜ በአሸዋው ላይ የሚገኙ ሰዎችን፣ እንስሳትንና ተሽከርካሪዎችን በቅጽበት የሚለዩ ካሜራዎችን በወንዙ ዳርና ዳር ለመትከል አስቤአለሁ። ዓላማው ከደጋው በኩል ጎርፍ መነሣቱ ሲታወቅ ሰው ያለበትን ቦታ ወዲያውኑ ማሳየት ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ ደርሶ ከ200 በላይ ሰው የገደለውን ጎርፍ ድሬዎች አንረሳውም። ካሜራዎቹን ዚግቢ በተባለው ጥቂት ኃይል በሚፈጅ ገመድ አልባ መገናኛ አገናኝቼ ምስሉን ወደ አንድ ኮምፒውተር እየላክሁ ዮሎ በተባለው፣ በምስል ውስጥ ያሉ ነገሮችን ለመለየት በሠለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል ለማስለየት ሞክሬአለሁ፤ ምስሉ ግን እየተቆራረጠና እየዘገየ ይደርሳል። አንቴናውን ብቀይር ይሻል ይሆን?

ሳቢያን፦
አንቴና አይፈታውም። ዚግቢ በ2.4 ጊጋኸርዝ ቢበዛ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ያስተላልፋል፤ ይህም በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው። አንዱ ፓኬት (በአንድ ጊዜ የሚላከው የመረጃ ጥቅል) ከ127 ባይት ስለማይበልጥ አድራሻውና የመድረሱ ማረጋገጫ ከፊሉን ይበሉታል፤ መልእክቱ በመካከለኛ ኖድ (መልእክት ተቀብሎ በሚያሳልፍ መሣሪያ) ተቀባብሎ ሲሄድ ደግሞ ያው ቻናል ሁለት ጊዜ ስለሚያዝ የተረፈው በግማሽ ይቀንሳል። 640 በ480 የሆነ አንድ ምስል ተጨምቆ 30 ኪሎባይት ቢሆን 240 ኪሎቢት ነውና፣ አንድ ካሜራ ብቻውን በሰከንድ አንድ ምስል እንኳ በወጉ አያደርስም።

ስለዚህ ልየታውን እዚያው ካሜራው አጠገብ ያድርጉት። እንደ ሞባይልኔት ያለ ቀላል ሞዴል ራስበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑ፣ የሚላከው የተገኘው ነገር ዓይነት፣ የእርግጠኝነቱ መጠን፣ በምስሉ ላይ ያለበት ቦታና ሰዓቱ ብቻ ይሆናል። ይህ ሁሉ በ20 ባይት ይጠቃለላል፤ ከዚግቢ በጣም የሚዘገየው ነገር ግን ርቆ የሚደርሰው ሎራ የተባለው ገመድ አልባ መገናኛ እንኳ ይበቃዋል።

መጋላ፦
ሳቢያን ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ሞዴሉን እንዳለ እንዳይጠቀሙበት። አብዛኛው ዝግጁ ሞዴል የሠለጠነበት ኮኮ የተባለው የምስል ስብስብ በ80 ዓይነቶቹ ውስጥ ላም፣ በግና ፈረስ፣ ቀጭኔም ሳይቀር አለው፤ ግመል፣ ፍየል፣ አህያና ባጃጅ ግን የሉትም። ደቻቱን የሚያቋርጠው ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ከአሸዋው ላይ የራስዎን ምስሎች አንሥተው እንደገና ማሠልጠን ይኖርብዎታል።

ከዚራ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ባትሪ ለመቆጠብ ካሜራው ተኝቶ፣ የሰውነት ሙቀት የሚያነብ ርካሽ ሴንሰር ሲቀሰቅሰው ብቻ እንዲነቃ ባደርግስ?

መጋላ፦
ለሌላ ከተማ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ያ ሴንሰር የሚሠራው በሰውነትና በአካባቢው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ በድሬ ቀትር አሸዋው እንደ ሰው ገላ ሲግል ልዩነቱ ስለሚጠፋ በፊቱ የሚያልፈውን ሰው ላያየው ይችላል። ቀን ቀን በየጥቂት ሰከንዱ አነስተኛ ምስል እያነሡ ከቀደመው ጋር ማነጻጸር ይሻላል። ሌሊት ሴንሰሩ ይሠራልዎታል፤ ነገር ግን የካሜራው ሌንስ ኢንፍራሬድን (ለዓይን የማይታየውን ብርሃን) የሚከለክል ማጣሪያ የሌለው መሆን አለበት፣ የኢንፍራሬድ መብራትም ያስፈልገዋል። ለሥልጠና ከሚያነሷቸው ምስሎችም ከፊሉ በዚሁ መብራት ሌሊት የተነሡ ይሁኑ።