ለእግር ቀዶ ሕክምና በስፓይናል (በአከርካሪ በኩል በመርፌ በሚሰጥ ሰመመን) ላይ ምን ይጨመር?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ለጭንና ለቅልጥም አጥንት ስብራት 15 ሚሊግራም ሃይፐርባሪክ (ከአከርካሪ ፈሳሽ የከበደ) ቡፒቫኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ብቻ በስፓይናል እንሰጣለን፤ ሥራው ሲረዝም ግን ሰመመኑ ቀድሞ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹ ብሎኖች ሲታሰሩ ታካሚው የመጋረጃውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ «ወንድሜ፣ እየተሰማኝ ነው» አለኝ፤ ቀሪውን ኬታሚን በተባለው የሰመመን መድኃኒት ጨረስነው። በቡፒቫኬይኑ ላይ ለመጨመር ፌንታኒልና ሞርፊን (ሁለቱም ኦፒዮይድ የሚባሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች) እንዲሁም ማግኒዚየም ሰልፌት አሉን፣ ዴክስሜዴቶሚዲን (የሚያረጋጋ መድኃኒት) አልፎ አልፎ ይገኛል። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

የመጀመሪያ መልስ፦
ባልደረባዬ፣ ሰመመኑ ሳስቶ ነው ወይስ ጊዜው አልቆ ነው የሚለውን አስቀድመው ይለዩ። ከ10 እስከ 25 ማይክሮግራም ፌንታኒል በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፣ የሰመመኑን ጥራት ያሻሽላል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለጥቂት ሰዓታት ሕመሙን ያስታግሳል፤ እግሩ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበትን ጊዜ ግን እምብዛም አያራዝምም። 5 ማይክሮግራም ዴክስሜዴቶሚዲን ሕመም የማይሰማበትንም እግሩ የማይንቀሳቀስበትንም ጊዜ ያራዝማል፤ ነገር ግን የልብ ምትን ስለሚያዘገይና የደም ግፊትን ስለሚቀንስ፣ በአከርካሪ በኩል መስጠትም በመድኃኒቱ ፈቃድ ውስጥ ያልተካተተ በመሆኑ፣ አትሮፒንና ኤፌድሪን (የዘገየ የልብ ምትንና የወረደ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶች) ሳይዘጋጁ አልጀምረውም። ሥራው ከ3 ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ቀድሞ ከታወቀ ኤፒዱራል ካቴተር (በጀርባ በኩል ገብቶ ማደንዘዣ በተደጋጋሚ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ወይም ሙሉ ሰመመን መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛ መልስ፦
ስለ ሞርፊን አደራ ማለት እፈልጋለሁ። 100 ማይክሮግራም ብቻ ለአንድ ቀን ያህል ሕመም ሊያስታግስ ይችላል፤ ሆኖም ሞርፊን በቅባት በቀላሉ ስለማይሟሟ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ይቆይና ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይወጣል፣ በዚህም ምክንያት ትንፋሽን ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሊያዳክም ይችላል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ሆስፒታል ሞርፊን መሰጠቱ የተጻፈው በሰመመን ቅጹ ላይ ብቻ ስለነበር፣ የዋርዱ ነርስ ሳታውቅ ማታ ለአንድ ታካሚ ፔቲዲን (ሌላ ኦፒዮይድ) ጨመረችለት። ሌሊት ስደርስ ታካሚው በደቂቃ 7 ጊዜ ብቻ ይተነፍስ ነበር፤ ኦክሲጅንና ናሎክሶን (የኦፒዮይድን ውጤት የሚቀለብስ መድኃኒት) ሰጥተን ተረፈ። ስለዚህ በየሰዓቱ ትንፋሹን የሚቆጥርለት ሰው ከሌለ፣ ሕመሙ ምንም ቢበረታ፣ ሞርፊንን በአከርካሪ አልሰጥም። ሞርፊኑ ከብልሽት የሚከላከል ኬሚካል (ፕሪዘርቫቲቭ) የሌለበት መሆኑንም ያረጋግጡ። የ10 ሚሊግራም አምፑል ከሆነ ደግሞ 100 ማይክሮግራም የመቶኛው እጅ ነውና፣ ሲበጠብጡ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ይቁጠር።

ሦስተኛ መልስ፦
ማግኒዚየሙን ይተዉት፤ ለአከርካሪ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፣ ጥቅሙም ከፌንታኒል አይበልጥም። በተረፈ በትሪው ላይ አምፑል በበዛ ቁጥር ስህተት ይቀርባል። በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ትራኔክሳሚክ አሲድ (የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) ስለማይጠፋ፣ አምፑሉም ከቡፒቫኬይን ጋር ስለሚመሳሰል፣ በስህተት ወደ አከርካሪ ገብቶ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ሞት ያስከተለበት ጊዜ አለ። ከሰመመን ጠረጴዛው ያርቁት፣ ከመቅዳትዎ በፊትም ስሙን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። በ20 ማይክሮግራም ፌንታኒል፣ ማለትም ከአምፑላችን 0.4 ሚሊሊትር በ1 ሚሊሊትር ስሪንጅ እየለካሁ፣ እጀምራለሁ። ሞርፊንን የሌሊቱ የነርስ ተራ እስኪስተካከል አቆየዋለሁ፤ ነገ ከዋርዱ ኃላፊ ጋር ስለ ትንፋሽ መቁጠሪያ ቅጹ እንነጋገራለን።