የክላርኔት ማውዝፒስ (በአፍ የሚነፋበት ክፍል) ጫፉ ተሸረፈብኝ፣ ይጠገናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ ትናንት ክላርኔቴን ስፈታታ ማውዝፒሱ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀና ቀጭኑ ጫፍ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ተሸርፋ ወጣች፣ አሁን ስነፋው አየር ብቻ ነው የሚወጣው አንዳንዴም ሲጥ ይልብኛል። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው? ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ እባካችሁ

መልስ፦ ወንድሜ ጫፉን በሙጫ እንዳትነካው! በጫፉና በሪዱ (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ በሚሰጠው ስስ ሸምበቆ) መሀል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙጫው ትንሽ ካበጠ ድምፁ አለቀ፣ ደግሞ አፍህ ውስጥ ነው የሚገባው። ቀይረው፣ ያማሃ 4ሲ የሚባለው ማውዝፒስ ለሰርግ ይበቃሃል።

መልስ፦ ስብራቱ ታች ቡሹ ጋ (ክላርኔቱ ላይ በሚሰካው በኩል) ቢሆን ይጣበቅ ነበር፣ የኔን እንደዛ አድርጌ 2 ዓመት ነፍቼበታለሁ። ስትገዛ የቢ ፍላት ክላርኔት (የተለመደው ዓይነት) መሆኑን እይ፣ ቡሹ ከጠበቀብህ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ አሸው። ኢቦናይት (ጠንካራ ጎማ) ከሆነ በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው ይወይባል

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ ለቅዳሜው ከጓደኛዬ ተውሻለሁ