ከሉተር በፊትም ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ ምዕራባዊት ቤተ ክርስቲያን በእርሱ ዘመን ለምን ተከፈለች?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአውሮፓ ስለተካሄደው የሃይማኖት ተሃድሶ ሳነብ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። የቦሄሚያው ሰባኪ ያን ሁስ የካህናትን ብልሹ ኑሮና የስርየት ደብዳቤ (የኃጢአት ቅጣት ያስቀራል ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚሰጥ ወረቀት) ሽያጭን በመቃወሙ፣ በ1415 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኮንስታንስ ጉባኤ ተወግዞ በእሳት ተቃጠለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር ተቀራራቢ ነገር ሲናገር ግን ምዕራባዊው ክርስትና ለሁለት፣ ቀጥሎም ለብዙ ተከፈለ። ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? ደግሞስ የተራው ሰው ኑሮ በእርግጥ ተለውጧል ወይስ የተለወጠው የገዢዎቹ ሃይማኖት ብቻ ነው?

መልስ 1፦
ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥዎ መልካም መነሻ ነው፤ ሁለቱም ለጉባኤ የቀረቡት የይለፍ ዋስትና ተሰጥቷቸው ነበርና። የሁስ ዋስትና ሳይከበርለት ቀረ። ሉተር ግን በ1521 ከቮርምስ ጉባኤ በሕይወት ወጣ፤ የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክም መንገድ ላይ የተጠለፈ አስመስሎ አስወስዶ በቫርትቡርግ አምባ ሸሸገው። ሉተር አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጐመው በዚያ ተደብቆ ሳለ ነው።

የገንዘቡንም መንገድ መከተል ያስፈልጋል። የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ አልብሬክት ለሹመቱ ወደ ሮም የከፈለውን ገንዘብ የተበደረው ከፉገር የባንክ ቤተሰብ ነበር። ዕዳውን እንዲከፍል የስርየት ደብዳቤ ማስሸጥ ተፈቀደለት፤ ከገቢው ግማሹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግንባታ ሲውል ግማሹ ለአበዳሪዎቹ ይሄድ ነበር። ሻጩ ሰባኪ ዮሐን ቴትዘል ወደ ሳክሶኒ እንዳይገባ ቢከለከልም በድንበሩ አቅራቢያ ይሰብክ ስለነበር፣ ሉተር የሚያገለግልባት የዊተንበርግ ከተማ ምእመናን ተሻግረው ደብዳቤውን ይገዙ ነበር። ሉተር ይህን ሽያጭ በመቃወም በ1517 የጻፋቸው 95 ነጥቦች ሲነበቡ፣ ንስሐ ልጆቹ በወረቀት ተማምነው ንስሐን እንዳይተዉ የሰጋ አባት ድምፅ ይሰማባቸዋል። በሁስ ዘመን ደግሞ የጉተንበርግ ማተሚያ ገና አልነበረም፤ የሉተር ጽሑፍ ግን ማንም ሰብስቦ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ፈጥኖ ተባዛ።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ተቃውሞው ለምን እንዳልጠፋ ያስረዳል፤ «ቀጥሎም ለብዙ» ያሉትን ግን አይመልስም። በእኔ አመለካከት የዚህ መልስ የሚገኘው በ1529 የሄሰኑ መስፍን ፊሊፕ፣ ሉተርንና በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ተሃድሶውን የመራውን ዝዊንግሊን ለማስታረቅ በማርቡርግ በጠራው ጉባኤ ነው። ሉተር በጠረጴዛው ላይ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በላቲን በጠመኔ ጻፈና በጨርቅ ሸፈነው፤ በክርክሩ መካከልም ጨርቁን ገልጦ ጽሑፉን አሳየ። ዝዊንግሊ ግን «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት እንደሆነ ያምን ነበር። ከ15 አንቀጾች በ14ቱ ተስማምተው በቁርባኑ ተለያዩ። ሁለቱም የመጨረሻው ዳኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው ይላሉ፤ መጽሐፉ የሚለው ምን እንደሆነ ሁለት ቅን አንባቢዎች ሲለያዩ ግን የሚፈርድላቸው አልነበረም።

ይኸው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ጉዳይ ቀድሞ ደም አፍስሷል። በ1525 የደቡብ ጀርመን ገበሬዎች ባወጡት 12 አንቀጽ ክርስቶስ ሁሉንም በደሙ ስለዋጀ ገባርነት ይቅርልን፣ ሰባኪያችንንም ራሳችን እንምረጥ ብለው ጠየቁ። ሉተር አስቀድሞ መሳፍንቱን ቢወቅስም፣ ዐመፁ ሲበረታ ያለ ርኅራኄ እንዲመቱ ጻፈ። ይህን ጽሑፍ ባነበብሁ ቁጥር አዝናለሁ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ግዛቶች የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር በመስፍኑ እጅ ገባ፤ የ1555ቱ የአውግስቡርግ ስምምነትም ገዢው ካቶሊክነትን ወይም ሉተራዊነትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ያልተስማማው ዜጋ የተሰጠው መብት ንብረቱን ሸጦ መሰደድ ነበር።

መልስ 3፦
የተራው ሰው ኑሮ ግን በእርግጥ ተለውጧል፤ «የገዢዎቹ ብቻ» በሚለው አልስማማም። ገዳማት ሲዘጉ ድኾችን የመርዳት ሥራ ወደ ከተማ ምክር ቤቶች ዞረ፤ በ1523 የሳክሶኒዋ ላይዝኒግ የቤተ ክርስቲያን ገቢዋን በአንድ የጋራ ሣጥን ሰብስባ ለሰባኪው፣ ለትምህርት ቤቱና ለችግረኞች የሚከፈልበትን ደንብ አወጣች። ሉተርም በ1524 የከተማ ሹማምንት ለወንዶችም ለሴቶችም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ወተወተ።

ለሴቶች ለውጡ ሁለት ፊት ነበረው። ካታሪና ፎን ቦራ በ1523 ከሌሎች መነኮሳይያት ጋር ከገዳም አምልጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሉተርን አገባች፤ የካህን ሚስት መሆን የተከበረ ሥራ ሆነ። ነገር ግን ገዳሙ ሲዘጋ፣ ሴት ያለ ባል የምትማርበትና በእመምኔትነት የምታስተዳድርበት ስፍራም አብሮ ጠፋ። ካቶሊካዊቷም ቤተ ክርስቲያን ባለችበት አልቆመችም፤ ከ1545 እስከ 1563 በተካሄደው የትሬንት ጉባኤ ሀገረ ስብከቶች ለካህናት ማሠልጠኛ ዘርዐ ክህነት እንዲያቋቁሙ ደነገገች።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአንድ ከተማ ሁለቱ ወገኖች አብረው የኖሩበት ቦታ ይኖር ይሆን?

መልስ 2፦
አዎን። በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ቢበራኽ ከተማ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንን ከ1548 ጀምሮ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ሰዓት ተከፋፍለው ይጸልዩበታል። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ከ1618 እስከ 1648 አገሩን ሲያወድም እንኳ ሕንፃው የሁለቱም ሆኖ ዘለቀ፤ ዛሬም አንዱ ወገን ቅዳሴውን ጨርሶ ሲወጣ ሌላው በዚያው በር ይገባል።