«ተረቴን መልሱ» ሲባል የሚመለሰው ምንድን ነው?

ለገሀሬ፦
ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ውስጥ ለልጆች የሚቀርብ የ20 ደቂቃ የአሻንጉሊት ትርዒት እየተሰናዳ ነው። መልኩ የድሮውን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «የልጆች ጊዜ» እንዲያስታውስ ታስቦ ነው፤ ወላጆች ከልጆቹ ጋር ስለሚቀመጡ። መክፈቻው አላስቸገረም፤ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲባል አባባ ተስፋዬ ለሁሉም ፊቱ ላይ ድቅን ይላሉ። ያስቸገረው መዝጊያው ነው። ተራኪዋ አሻንጉሊት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ትጨርሳለች፤ በዚያው ቅጽበት ከመድረኩ በላይ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ጽሑፍ ይወጣል።

ኦሮምኛው ቀላል ነው። «ዴቢሱ» ልክ እንደ «መለሰ» ዕቃም ይመልሳል፣ ጥያቄም ይመልሳል። ሶማሊኛው ግን ምረጥ ይላል፦ የወሰዳችሁትን አምጡ ከሆነ «ሶ ዔሊ»፣ ድገሙት ከሆነ «ኩ ዔሊ»፣ መልስ ስጡ ከሆነ ደግሞ «ጀዋብ»። እዚህ ላይ «መልሱ» የትኛው ነው? የተተረተውን ድገሙ? በተራችሁ ተርቱ? ሌላስ አለው? ጽሑፉ ሐሙስ ያልቃል።

ዘሸዋ በር፦
ከመልሱ በፊት «ትርዒት» ይቃና። ሥሩ ርእየ፣ አየ ነው፤ በአልፋው አ። ስለዚህ ትርኢት። በዐይኑ ዐ ከጻፍከው «አባግዐ መርዔቱ» ወደሚለው ሄድክ፣ ያ ደግሞ መንጋ ማሰማራት ነው። የድሮው የእሑድ ዝግጅትም «ኅብረ ትርኢት» ነው፣ ኅብሩ በብዙኃኑ ኀ። «ሕብረ ትርዒት» የሚል ሰው ሁለት ቃል ጽፎ ሁለት ጊዜ ሳተ።

ቀፊራ፦
አቦ፣ ሰውየው ስለ «መልሱ» ነው የጠየቀው። እኔ ግን የምጀምረው ከ«አብሱ» ነው፤ ቁልፉ እዚያ ነው ያለው። «አበስኩ ገበርኩ!» የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? በደልኩ፣ አደረግኩ። አበሳም ከዚያው ነው። ተረት ደግሞ ሐሰት ነው፤ አንበሳ አይናገርም፣ ጦጣ ዳኛ አትሆንም። ተራኪው ሲጨርስ የአፉን አበሳ በዳቦ አስተሥርዩልኝ ይላል። የማይመስለው አቡነ ዘበሰማያትን ይድገም፦ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም፣ ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ።» ዳቦና አበሳ ጎን ለጎን! ይህ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው?

ዘሸዋ በር፦
ግጥምጥሞሽ ነው። ያው ጸሎት ቀጥሎ ምን ይላል? «ለዘአበሰ ለነ።» አበሰ በግእዝ በ«ለ» ነው የሚሄደው፤ ለእኛ ለበደለ። «አፌን» የሚል ተሳቢ አይሸከምም። እንዳልከው በግእዝ ከተወሰደ «አብሱ» ትእዛዙ «በድሉ» ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሕፃናት ሰብስበህ «አፌን በዳቦ በድሉ» ልትላቸው ነው። የኪዳነ ወልድን የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948) ክፈት። በአበገደ ተራ የሄደ ስለሆነ በሀለሐመ ልማድ መሀሉን አትቆፍር፤ አበሰ ገና ደጃፉ ላይ ነው። የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም (1962) ተራው ያው ነው፤ ደስታ ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ደጃችሁ የነበረውን ሊቅ ትታችሁ ከ«አበስኩ ገበርኩ» ላይ ቤት ትሠራላችሁ።

ቀፊራ፦
የኔታ፣ የማበሱም ትእዛዝ እኮ «አብሱ» ነው። አሰረ እሰር፣ አለፈ እለፍ እንላለን፤ አበሰ ግን «እበስ» አይባልም፣ «አብስ» ነው፣ ብ ጠብቃ። የግእዙም አብስ ትጠብቃለች። በጽሕፈትም በንባብም አንድ። ሰሙ ማበስ፣ ወርቁ አበሳ። እርስዎ ራስዎ «ኅብር» ብለው ሲያርሙ አልነበር? ቅኔ ቤት ኅብር ማለት ይኸው አይደለም እንዴ፣ አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲያዝል!

ካልሲ፦
ሁለታችሁም ሳታውቁት ጠቃሚ ነገር ተናገራችሁ። የብ መጥበቅ ለአሻንጉሊት ትልቅ ጉዳይ ነው። የካልሲ አሻንጉሊት ከሆነች (እንደ ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ እንዳለችው) አውራ ጣት የታች መንጋጋ ነው፣ አራቱ ጣት የላይኛው። አፍ የሚከፈተው አውራ ጣትን ወደ ታች በማውረድ ነው። ጀማሪ አራቱን ጣት ወደ ላይ ያነሳል፤ ያን ጊዜ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይገለበጥና ዓይኗ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ ከልጆቹ ጋር መተያየት ይቀራል። አንድ ክፍለ ቃል፣ አንድ መክፈት። ተ፣ ረ፣ ቴን፣ መል፣ ል፣ ሱ፤ ስድስት (ል ትጠብቃለች)። አ፣ ፌን፣ በ፣ ዳ፣ ቦ፤ አምስት። «አብሱ» ላይ አ ብለህ ክፈት፣ ብ ላይ ግጥም አድርገህ ትንሽ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ። እዚያ ላይ ካልተያዘ ከኋላ ረድፍ «አሱ» ሆኖ ይሰማል። በ፣ መ እና ፐ ላይ ከንፈር ይገጠማል፤ አፏ ክፍት ሆኖ «ዳቦ» ካለች ልጅ ወዲያው ያውቅባታል።

ዳቦውም እውነተኛ ከሆነ ከድፎው ቅርፊቱን ብቻ ቁረጡ፣ የመዳፍ ግማሽ የምታህል። ለስላሳው ክፍል በካልሲ ላይ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ክሩ ውስጥ ገብቶ ለሚቀጥለው ትርኢት አፏ ጺም ያበቀለ ይመስላል።

ገንደ ቆሬ፦
አብሱን ተዉት፣ ጥያቄው መልሱ ነው። እረኛ «መልስ!» ሲባል ምን ያደርጋል? ከብቱ ወደ ሰው እርሻ ሲያመራ ሮጦ ፊቱን ያዞረዋል። አሁን ተረቱን ከመነሻው እዩት። ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፤ አድማጩ ምን ይመልሳል? «የላም በረት!» በረቱ ተከፈተ፣ ላሚቱ ወጣች፣ ተረቱ ተሰማራ። መሸ፣ ተረቱ አለቀ። «ተረቴን መልሱ!» ወደ በረቷ መልሱልኝ ነው። ከብት የመለሰ ልጅ ደግሞ ዳቦ ይበላል። ለገሀሬ በዐይኑ ዐ «ትርዒት» ብሎ መጻፉ ስሕተት አልነበረም ማለት ነው፣ የኔታ። ማሰማራት ነዋ!

ዘሸዋ በር፦
ይህቺስ ታስቃለች፤ ለስሕተት ምስክር ስትጠራ ያየሁህ የመጀመሪያው ሰው ነህ። ግን ዳቦው ለማን ነው? በአንተ አተረጓጎም ዳቦው የመላሹ ልጅ ደመወዝ ነው። ቃሉ «አፌን» ይላል፤ አፉ የሚታበሰው የተራኪው ነው። እረኛውን ጾሙን አሳደርከው።

ደቻቱ ማዶ፦
በዚያ ላይ ብዙ ሰው «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ ነው የሚቀበለው። ላሚቱን እዚያ የት ልታስሯት ነው? በረትም መሠረትም የመጡት ቤት ለመምታት ነው፤ ረት፣ ረት፣ ረት። መልሱና አብሱም ያው ናቸው፣ ሱ ከ ሱ። ቤት የመታ ቃል ሁሉ ምሥጢር ያዘለ ከመሰለን መኝታ የለንም።

ቤት መምታት ግድ እንዳልሆነ ደግሞ ከጎረቤት እዩ። በሶማሊኛ ተራኪው «ሼኮ ሼኮ» ሲል አድማጩ «ሼኮ ሐሪር» ይላል፤ የሐር ተረት ማለት ነው። ላም የለ፣ በረት የለ። ለገሀሬ፣ ከመዝጊያው በፊት መክፈቻውን አስብበት። «የላም በረት»ን ቃል በቃል ሶማሊኛ አድርገህ ሰሌዳው ላይ ብትሰቅል የሶማሌ ልጆች ላሚቱን ፍለጋ መድረኩን ያማትራሉ። «ሼኮ ሐሪር» በልና ተገላገል፤ አዳራሹ ሳይጠራ ይቀበልሃል።

ለገሀሬ፦
የመክፈቻው ምክር ተወስዷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። መዝጊያው ግን እንዳለ ነው። «ሶ ዔሊ» ወይስ «ኩ ዔሊ»?

ካልሲ፦
ጽሑፉ በሁለት መስመር ይግባ፣ ከዚያ አይለፍ። ከንግግሩ ቀድሞ አይውጣ፤ ማንበብ የሚችሉት ልጆች ቀድመው ይስቁና አሻንጉሊቷ ከሳቁ በኋላ ትናገራለች። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆይ። ሌላው፣ ሶማሊኛው የሚጻፈው በላቲን ስለሆነ «ዔሊ» በ«ሲ» ፊደል ነው የሚጀምረው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ «ሴሊ» ይለዋል፤ ከፊቱ ባለው ወረቀት ላይ በፊደል «ዔሊ» ብላችሁ ጻፉለት።

ዘሸዋ በር፦
እነሆ! ሶማሊኛ ዐይኑን ዐ ከነድምፁ ከጉሮሮ ያወጣዋል፤ እኛ ፊደሉን ይዘን ድምፁን ጥለናል፣ አሁን ደግሞ ፊደሉንም በአልፋ ልንለውጥ ይዳዳናል።

ፈረስ መጋላ፦
ዘግይቼ ገባሁ። «መልሱ»ን ከሌላ በኩል እንየው። ዘፈን ሲወጣ «ተቀበሉኝ» ነው የሚባለው፣ «መልሱልኝ» አይባልም። እንቆቅልሽ ላይ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ነው፤ ያቃተው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እዚህ ግን «መልሱ» የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መልስ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው የታለ? ድገሙት ቢሆን ኖሮ «ድገሙ» የሚል ቃል ጠፍቶ ነው? እንደ ብድር ነው። ብድር ይመለሳል፣ ሰላምታ ይመለሳል፣ ተረትም ይመለሳል፤ የተሰጠውን ያህል፣ ያውኑ ሳይሆን አምሳያውን። ማለትም ተራው የእናንተ ነው። ተረት የሌለው ደግሞ በዳቦ ይካስ። ለዚህ ነው ሁለቱ ሐረግ ተከታትለው የመጡት።

ቀፊራ፦
ብድር የሚለው ደግሞ የዚያው ጸሎት...

ፈረስ መጋላ፦
ወደ ጸሎቱ እንዳትመለስ፣ በእናትህ።

ዘሸዋ በር፦
የፈረስ መጋላው አነጋገር መልክ አለው፤ አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። «መልሱልኝ፣ አብሱልኝ» የሚልም አለ፣ «መልሱ፣ አብሱ» ብቻ የሚልም አለ። በ«ልኝ» ከሆነ ጥቅሙ ለተራኪው ነው፤ ብድሩ ያስኬዳል። ያለ «ልኝ» ከሆነ ግን «መልሱ» ልቅ ነው፣ ወዴትም ይሄዳል። በግእዙ ሜጠ ብትሉትም አግብአ ብትሉትም ይህ አይፈታም። ለመሆኑ የአሻንጉሊቷ ቃል በየትኛው ነው የተጻፈው?

ደቻቱ ማዶ፦
«ልኝ» ስትጨመር ክፍለ ቃሉም ይጨምራል፤ ካልሲ ሆይ፣ አውራ ጣትህን አዘጋጅ።

ገንደ ቆሬ፦
እረኛም «መልስልኝ!» ብሎ ነው የሚጮኸው። ልብ ይባል።

ቀፊራ፦
ለኔ «አበሳዬን በዳቦ አብሱልኝ» ብትል ሁላችንም እንታረቅ ነበር። እምቢ ካላችሁ አገር ስጡኝ። ሐረርን።

ዘሸዋ በር፦
ሐረር አይሰጥም። ድሬን ውሰድ፣ ሙቀቱን ከነነፋሱ።

ለገሀሬ፦
ያለ «ልኝ» ነው የተጻፈው፣ «መልሱ፣ አብሱ»። «ሶ ዔሊ» አስገብቻለሁ። ቅርፊት ዳቦም ተቆርጧል። የቀረው ሐሙስ ማሳተም ነው።

ዘሸዋ በር፦
«ኀሙስ»፣ በብዙኃኑ። ኀምስቱ ብለህ ቁጠር።