የታይሮይድ ዕጢ ግማሹ ወይስ ሙሉው ይውጣ? ምክር እጠይቃለሁ

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ እናቴ መምህርት ናት። በአንገቷ በቀኝ በኩል የወጣባት የ2 ሴንቲ ሜትር እብጠት በመርፌ ናሙና ተመርምሮ ፓፒላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር እንደሆነ ተነግሮናል። ሐኪሙ ግማሹን ዕጢ ማውጣት ይበቃል ሲሉ፣ ዘመዶቻችን ግን «ካንሰር ከሆነማ ሙሉው ይውጣ» ይላሉ። እሷ አብዝታ የምትፈራው ድምፅዋን ማጣት ነው። ከቀጠሮው በፊት ምን እንጠይቅ?

መልስ (የቀዶ ሕክምና ነርስ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ)፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የሐኪሙ ሐሳብ ቸልተኝነት አይደለም። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነና ከዕጢው ውጭም ሆነ ወደ አንገት ንፍፊቶች ያልተዛመተ ካንሰር ሲያጋጥም ግማሹን ማውጣት በቂ ሊሆን ይችላል። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከዕጢው ጀርባ በግራና በቀኝ ስለሚያልፉ፣ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን የሌላው ወገን ነርቭም ሆነ በዚያው በኩል ያሉት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሳይነኩ ይቀራሉ። ንፍፊቶቹ በአልትራሳውንድ፣ የድምፅ አውታሮቻቸውም በአንገት በላይ ሐኪም አስቀድመው እንዲታዩ ይጠይቁ። ሐኪሙ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሠሩ መጠየቅም ድፍረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ ሙሉ ታይሮይድ በሚያወጡ ሐኪሞች እጅ ከቀዶ ሕክምናው የሚከተል ችግር እንደሚያንስ አሳይቷል።

መልስ (ከፒያሳ)፦ የእኔ ሙሉው ስለወጣ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን፣ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ። በባዶ ሆድ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቡና አይጠጣም፤ ካልሲየምም ከእሱ 4 ሰዓት ይራራቃል። ግማሹ ብቻ ከወጣላቸው ብዙዎች ክኒኑ አያስፈልጋቸውም፣ ሆኖም የሆርሞን መጠን በደም ምርመራ መከታተል ግድ ነው።

መልስ (የሕክምና ተማሪ)፦ ነርቩን በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚከታተል መሣሪያ አለ፤ ይረዳል እንጂ የሐኪሙን ዐይን አይተካም። በጃፓን ኮቤ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ የፓፒላሪ ካንሰሮችን ሳይቀድ በክትትል ብቻ ሲያቆይ የኖረ ቢሆንም፣ የእናትዎ እብጠት ከዚያ ስለሚበልጥ ያንን ምክንያት አድርጋችሁ ቀጠሮውን አታዘግዩ።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ወደ ቤት ስትመለስ ምን እንጠብቅ?

ነርሷ፦ አንገታቸው በፍጥነት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገራቸው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ስልክ ደውላችሁ ምክር ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የከንፈርና የጣት መደንዘዝ ደግሞ የካልሲየም ማነስ ምልክት ስለሆነ በዚያው ቀን ይመርመሩ።